ስልጠናው በሠራተኛው ሌሊት፣ በሠራተኛው ዳታ

ዛሬ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የሚያመለክት ወጣት ሲቪ ላይ አምስት ስድስት የኦንላይን ሰርተፊኬት ማየት የተለመደ ነው። የሰብዓዊ እርዳታ መርሆዎች፣ የሕፃናት ጥበቃ መግቢያ፣ የፕሮጀክት ክትትልና ግምገማ፣ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ። ሁሉም በነፃ የተወሰዱ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም በፒዲኤፍ። አመልካቹ ግን አንድም ቀን የተፈናቃዮች መጠለያ ረግጦ አያውቅ ይሆናል። ቀጣሪውም ይህን አያጣውም። ሆኖም ማስታወቂያው ላይ "ተያያዥ ሰርተፊኬት ያለው ይመረጣል" ብሎ ስለጻፈ ሰርተፊኬቱን ይቆጥራል።

የተቀጠረውም ቢሆን አያመልጥም። ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ከሰው ኃይል ክፍል ኢሜይል ይደርሰዋል። እነዚህን ስምንት ኮርሶች እስከ ወሩ መጨረሻ አጠናቅቀህ ሰርተፊኬቶቹን ላክ ይላል። መቼ እንደሚማር፣ በየትኛው ኮምፒውተር፣ በማን ኢንተርኔት፣ ያልገባውን ማንን እንደሚጠይቅ ኢሜይሉ አይናገርም። ቀን መስክ ላይ ስለሚውል ኮርሱን የሚወስደው ማታ ነው። የሚወስደውም በራሱ ስልክ፣ ራሱ በገዛው ፓኬጅ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ነገሩ ከሥሩ ይታይ። ክርክሩ የኦንላይን ትምህርት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል አይደለም። ክርክሩ ሠራተኛን ለሥራው የማዘጋጀት ግዴታ የማን ነው የሚል ነው። ይህ ግዴታ የቀጣሪው ነበር። ባለፉት ዓመታት ማንም በግልጽ ሳይወስን፣ ማንም ሳይፈርም፣ "ነፃ ኮርስ አለ" በሚል ሰበብ ከድርጅቱ በጀት ወጥቶ ሠራተኛው ትከሻ ላይ ተጭኗል። ድርጅቱ ወጪውን ጥሎ ሪፖርቱን ይዟል።

ኮርሶቹ ጥፋተኛ አይደሉም

መጀመሪያ ለኮርሶቹ ፍትሕ ይሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ዲዛስተርሬዲ እና በ2016 የተጀመረው ካያ ለሰብዓዊ እርዳታ ሠራተኞች በነፃ የተከፈቱ ትልልቅ የመማሪያ መድረኮች ናቸው። በሁለቱም ከመጋዘን አያያዝ እስከ ጾታዊ ጥቃት ምላሽ፣ ከበጀት ዝግጅት እስከ ቡድን አመራር በርካታ ኮርሶች አሉ። የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞቹን በሙሉ የሚያስወስደው ቢሴፍ የተባለው የደኅንነት ኮርስም በኦንላይን የሚሰጥ ነው።

እነዚህ መድረኮች የሠሩት መልካም ነገር ትንሽ አይደለም። ከዚህ ቀደም የስፊር መመሪያን ያየ ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ በመቱ ወይም በወልድያ የተቀመጠ ተመራቂ በመጠለያ ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለ250 ሰው አንድ የውሃ ቧንቧ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ እንደሚያስፈልግ በአንድ ምሽት ማወቅ ይችላል። ይህ እውቀት በጥቂት የውጭ ባለሙያዎች እጅ ብቻ ከመቅረቱ ይልቅ በየስልኩ መግባቱ ትርፍ ነው። ማንም ይህን ሊክድ አይገባም።

የድሮውም ቢሆን አይናፈቅም

"ድሮ ስልጠና ስልጠና ነበር" የሚል ሰው ካለ የድሮውን ያስታውሰው። ስልጠና ማለት ቢሾፍቱ ነበር። ስልጠና ማለት አዳማ፣ ሐዋሳ፣ የሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ሁለት ጊዜ የሻይ ዕረፍት፣ በመጨረሻም አበል ነበር። ወረፋው የሚያዘው በእውቀት ፍላጎት ሳይሆን በአበሉ መጠን ነው። የሚላከውም ሥራውን የሚሠራው ሰው አልነበረም፤ ኃላፊው ወይም የኃላፊው ቅርብ ሰው ነበር። ስለ ውሃ ንጽሕና የሰለጠነው የቢሮ ሰው ነው፤ ክሎሪኑን የምትለካው ልጅ ግን አዳራሹን አይታው አታውቅም። አንዳንዱ ተሳታፊ በመጀመሪያው ቀን ፈርሞ በመጨረሻው ቀን ለፎቶ ይመለሳል። ይህን የማያውቅ የዘርፉ ሰው የለም።

ስለዚህ የኦንላይን ኮርስ ሲመጣ ብዙዎች በደስታ ተቀበሉት። አበል የለም፣ ሆቴል የለም፣ አድልዎ የለም፤ የፈለገ ይማራል። ነገር ግን አንድ በሽታ በሌላ ተተካ። የድሮው ስልጠና ለአበሉ ሲባል ይደረግ ነበር፤ የአሁኑ ለሰርተፊኬቱ ሲባል ይደረጋል። በሁለቱም መሐል መጠለያው ውስጥ የተቀመጠው ሰው የለም። ልዩነቱ በድሮው ስልጠና ሠራተኛው ቢያንስ ይከፈለው ነበር፤ በአሁኑ እሱ ከፋይ ሆኗል።

ነፃ ማለት ለማን ነው?

ስሌቱ ቀላል ነው። ስምንት ኮርስ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት ቢወስድ 24 ሰዓት ይሆናል። ይህ በቀን ስምንት ሰዓት ሲሰላ ሦስት ሙሉ የሥራ ቀን ነው። ድርጅቱ ሃምሳ የመስክ ሠራተኛ ቢኖረው 150 የሥራ ቀን ማለት ነው። ይህን ያህል ቀን በሥራ ሰዓት ቢሰጥ ኖሮ ድርጅቱ በደመወዝ ይከፍለው ነበር። አሁን ግን ከእንቅልፍ፣ ከልጅ፣ ከቤት ሥራ፣ ከእሑድ ተቀንሶ ይከፈላል። "ነፃ" የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ለድርጅቱ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። እርዳታ የሚያስፈልግበት ቦታ መብራትና ኔትወርክ ቀድሞ የሚጠፋበት ቦታ ነው። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቷል። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለአንድ ዓመት ገደማ ተዘግቶ ነበር። በነዚያ ወራት በእነዚህ ቦታዎች የሠሩ ሰዎች በአገሪቱ ከማንም በላይ ሥራውን በእጃቸው የተማሩ ናቸው። አስከሬን ያነሱ፣ ዱቄት በእጃቸው የሰፈሩ፣ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ያሻገሩ ናቸው። ሲቪያቸው ላይ ግን ሰርተፊኬት የለም፤ ኔትወርክ አልነበራቸውማ። በዚያው ጊዜ ጥሩ ዋይፋይ ያለው ከተማ ውስጥ የነበረ ሰው ሃያ ሰርተፊኬት ሰብስቧል። ቀጣዩ ማስታወቂያ ሲወጣ "ተያያዥ ሰርተፊኬት ያለው ይመረጣል" ይላል። ማን እንደሚመረጥ መገመት አያስቸግርም።

አንዳንዶቹ መድረኮች ኮርስን ስልክ ላይ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማጥናት ያስችላሉ። ጥሩ ነው። ግን ለማውረድም ኔትወርክ ያስፈልጋል፤ የሚያወርድበትም ስልክ ያስፈልጋል። ያን ስልክ የገዛው ማን ነው የሚለው ጥያቄ እንዳለ ነው።

"ተስማምተሻል ወይ?" በየትኛው ቋንቋ?

የእነዚህ ኮርሶች ዋና ቋንቋዎች እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽና ዓረብኛ ናቸው። በኢትዮጵያ መጠለያዎች ውስጥ ሰው የሚያለቅሰው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋርኛ ነው።

ይህ የትርጉም ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከሚገኙት የተፈናቃይ መጠለያዎች በአንዱ የምትሠራ የጥበቃ ሠራተኛ ትታሰብ። ኮርሱን በእንግሊዝኛ ወስዳ በጥሩ ነጥብ አልፋለች። በማግስቱ ከወለጋ የተፈናቀሉ እናት ፊቷ ተቀምጠዋል። "ልጄ፣ ልጅቷ ከዚያ ከመጣን ወዲህ አትናገርም" ይሏታል። ኮርሱ ምን አስተማራት? ሰውን ስለ ጥቃት በቀጥታ አትጠይቂ፣ መረጃ ከመውሰድሽ በፊት ፈቃድ ጠይቂ፣ የሚያስፈልገውን አገልግሎት ወደሚሰጥ ተቋም ምሪ። ሦስቱም ትክክል ናቸው። አሁን በአማርኛ ምን ትበል? "ተደፍራለች ወይ?" ማለት እንደሌለባት ታውቃለች፤ በምን ቃል ትተካው? ቅጹን አውጥታ "እማማ፣ ፈቃደኛ ነዎት?" ብትላቸው ሴትዮዋ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ "እሺ" ይላሉ። ከቢሮ ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው እምቢ ማለት አልለመዱማ። ያ "እሺ" ፈቃድ ነው? ኮርሱ ላይ ያለው የምርጫ ጥያቄ ይህን አልጠየቃትም።

ይህን የሚያስተምር ሰው አለ። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት በዚህ ሥራ የቆየች፣ የትኛው ቃል እንደሚያስደነግጥና የትኛው እንደሚያሳርፍ የምታውቅ፣ ከእናቲቱ ጋር ቡና ስትጠጣ ነገሩን ቀስ ብላ የምታወጣ ነባር ሠራተኛ አለች። እውቀቷ በየትኛውም ሞጁል አልተጻፈም። ድርጅቷ አዲሷን ሠራተኛ ለሁለት ሳምንት ከእሷ ጎን ቢያስቀምጣት ከስምንቱ ኮርስ የበለጠ ትማር ነበር። ግን ከነባር ሠራተኛ ጎን መቀመጥ ፒዲኤፍ አያስገኝም፤ ፒዲኤፍ የሌለው ነገር ደግሞ ሪፖርት ላይ አይገባም።

ሰርተፊኬቱ የሚጠብቀው ማንን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2003 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የእርዳታ ሠራተኞች በተረጂዎች ላይ የሚፈጽሙትን ወሲባዊ ብዝበዛና ጥቃት የሚከለክል መመሪያ አወጡ። መነሻው በምዕራብ አፍሪካ የስደተኛ ካምፖች የተጋለጠው ጉድ ነበር። በ2018 ደግሞ የኦክስፋም ሠራተኞች በሄይቲ የፈጸሙት ነውር ይፋ ወጥቶ ዓለምን አነጋገረ። ከዚያ ወዲህ በየድርጅቱ ይህን የሚመለከተው ኮርስ ግዴታ እየሆነ መጣ። ሹፌርም ይሁን ጥበቃ፣ ሒሳብ ሠራተኛም ይሁን ዳይሬክተር ይወስደዋል፤ ሰርተፊኬቱ ከግል ማኅደሩ ጋር ይያያዛል።

ሐሳቡ ትክክል ነው። አፈጻጸሙ ግን ይመርመር። ሠራተኛው "ቀጣይ" የሚለውን እየተጫነ ያልፋል፣ ጥያቄዎቹን ይመልሳል፣ ያልፋል። ድርጅቱ ለለጋሹ "ሠራተኞቻችን መቶ በመቶ ሰልጥነዋል" ብሎ ይጽፋል። ነገ አንድ ሰው ቢያጠፋ ድርጅቱ ሰርተፊኬቱን አውጥቶ "እኛ አስተምረነዋል፤ ጥፋቱ የግሉ ነው" ይላል። ይህ ለድርጅቱ ጠበቃ ጥሩ ሰነድ ነው። ለተጎጂዋ ግን ምንም አይደለም። ለእሷ የሚጠቅማት አቤቱታዋን የሚቀበል ሰው፣ ከተቀበለም በኋላ ከሥራው የማይባረር ሰው መኖሩ ነው። የስድስት ወር ኮንትራት ያለው የመስክ ሠራተኛ አለቃውን ቢጠቁም ኮንትራቱ ይታደሳል? ኮርሱ "ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለብህ" ይለዋል። ግዴታውን የተወጣ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ግን ኮርሱን ያዘዘው ቀጣሪ አይነግረውም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የምግብ እርዳታ እየተዘረፈ ገበያ ላይ መሸጡ ሲታወቅ ዩኤስኤአይዲ እና የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎም በመላ ኢትዮጵያ ስርጭት አቋረጡ። የተቋረጠው ለወራት ነበር፤ ቅጣቱን የከፈለው ወረፋ ላይ የነበረው ረኀብተኛ ነው። በዚያን ጊዜ ማጭበርበርን ስለ መከላከል የሚያስተምር ኮርስ ጠፍቶ አልነበረም፤ ሞልቶ ነበር። የሚያስፈልገው መጋዘን በር ላይ ቆሞ "ይህ ጆንያ አይወጣም" የሚል ሰው፣ ያንን ባለ ጊዜም ከጀርባው የሚቆምለት ድርጅት ነው። ድፍረትና ዋስትና ደግሞ በሞጁል አይወርዱም።

የደኅንነቱ ጉዳይ ከሁሉም ይብሳል። ወደ አደገኛ ቦታ የሚላኩ የውጭ ዜጎች ብዙ ጊዜ የጥቂት ቀናት የተግባር ስልጠና ይወስዳሉ። ኬላ ላይ እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ተኩስ ሲከፈት እንዴት እንደሚወድቁ፣ የሚፈስ ደም እንዴት እንደሚያስቆሙ በልምምድ ይማራሉ። አብሯቸው የሚሄደው ኢትዮጵያዊ ሹፌርና አስተርጓሚ ድርሻው ብዙ ጊዜ የኦንላይኑ ኮርስ ነው። ሰኔ 17 ቀን 2013 በትግራይ ሦስት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሠራተኞች በመንገድ ላይ ተገደሉ። ከሦስቱ ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ዙሪያ 383 የእርዳታ ሠራተኞች መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት አስታውቋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በተወለዱበት አገር የሚሠሩ፣ የአገሬው ሰዎች ናቸው። ሳምንት የቆየ ስልጠና ቢወስዱ ኖሮ ሁሉም ይተርፉ ነበር ማለት አይቻልም፤ ሆን ብሎ የሚተኩስን ሰው ስልጠና አያቆመውም። ግን አደጋው ይበልጥ የሚያርፈው በአገሬው ሰው ላይ ሆኖ፣ ዝግጅቱ የሚበዛው ለእንግዳው የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱ የገንዘብ እንጂ የሙያ አይደለም።

ገንዘቡስ የት ሄደ?

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 በኢስታንቡል በተካሄደው የዓለም ሰብዓዊ ጉባኤ ትልልቆቹ ለጋሾችና ድርጅቶች ግራንድ ባርጌይን የተባለ ስምምነት ፈረሙ። ከገቡት ቃል አንዱ እስከ 2020 ድረስ ከሰብዓዊ እርዳታ ገንዘቡ 25 በመቶውን በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር በቀል ምላሽ ሰጪዎች ማድረስ ነበር። 2020 መጣ፣ አለፈ። በቀጥታ የደረሰው ገንዘብ ከአሥር በመቶ በታች፣ ያውም በእጅጉ በታች ሆኖ ቀረ። ለዚህ በተደጋጋሚ የሚሰጠው ምክንያት "አገር በቀል ድርጅቶች አቅም የላቸውም" የሚል ነው። አቅም እንዲኖራቸው ምን ተሰጣቸው? ወደ ነፃ ኮርስ የሚወስድ ሊንክ።

አገር በቀሉ ድርጅት ብዙውን ጊዜ ገንዘብ የሚያገኘው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ እጅ ነው። ትልቁ ድርጅት ከለጋሹ ተቀብሎ የራሱን የአስተዳደር ወጪ ካነሳ በኋላ ቀሪውን ለሥራው ያወርዳል። አገር በቀሉ እጅ የሚደርሰው ለጆንያና ለትራንስፖርት የሚበቃ ነው። ሰው ለማሰልጠን የሚል መስመር በጀቱ ውስጥ ቢኖርም መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። ሕጉም ቢሆን አስጨናቂ ጊዜ ነበረው። በአዋጅ 621/2001 ዘመን የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳያልፍ ሲደነገግ፣ ለሰውና ለክትትል የሚወጣ ብዙ ወጪ በአስተዳደር ስም እየተቆጠረ ድርጅቶች ሲያማርሩ ነበር። አዋጅ 1113/2011 ያንን ሕግ ቢተካም የአስተዳደር ወጪን በ20 በመቶ ገድቧል። ገደቡ ለምዝበራ መከላከያ ነው፤ ይገባል። ግን ሰውን ማዘጋጀት እንደ ቢሮ ወንበር ግዢ የሚታይ ከሆነ ማንም አያዘጋጅም።

በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ በዚያው ዓመት አጋማሽም ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ በኢትዮጵያ በርካታ የዘርፉ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። ነባሮቹ፣ ሥራውን በእጃቸው የሚያውቁት፣ ሌሎችን ማሰልጠን የሚችሉት ጭምር ወጡ። በቀረው ጠባብ በጀት ውስጥ ለስልጠና ቦታ የለም። "ነፃ ኮርስ አለ" የሚለው መልስ ከመቼውም በላይ ምቹ የሆነው አሁን ነው። ከመቼውም በላይ መጠየቅ ያለበትም አሁን ነው።

"እድሉን አትዝጉበት"

ለዚህ ሁሉ የሚሰጥ ጠንካራ መልስ አለ። ከገጠር ለተገኘ፣ ዘመድ ለሌለው፣ ቢሾፍቱ የሚልከው አለቃ ላላገኘ ወጣት እነዚህ ኮርሶች ብቸኛ በር ናቸው። እነሱን መተቸት ያንን በር መዝጋት ነው ይባላል።

ወጣቱን በተመለከተ ይህ እውነት ነው፤ በሩ ይከፈት፣ ይስፋም። ነገር ግን በር የሚባለው ወደ ቤት የሚያስገባው ነው። ሁሉም አመልካች አሥር አሥር ሰርተፊኬት ሲይዝ አሥሩ ሰርተፊኬት እንደ ዜሮ ይቆጠራል፤ ቀጣሪው አሥራ አምስት መጠየቅ ይጀምራል። ወጣቱ ሌሊቱን ጨምሮ ይሮጣል፣ ቦታው ግን አልጨመረም። በመጨረሻ የሚቀጠረው ያው ልምድ ያለው ወይም ያው ዘመድ ያለው ነው። ለወጣቱ እድል መስጠት የሚፈልግ ድርጅት ሰርተፊኬት አይቆጥርም፤ ደመወዝ የሚከፈለው የልምምድ ቦታ ይከፍታል።

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ማሰልጠን የሚቻለው በስክሪን ብቻ ነው የሚልም ካለ የአገሩን ታሪክ ይመልከት። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቷል። እነዚህ ሴቶች አንድ ዓመት ሰለጠኑ፤ ከስልጠናው ትልቁን ድርሻ የያዘው በመስክ የሚደረግ ልምምድ ነበር። ሲጨርሱ ደመወዝና የታወቀ የሥራ መደብ ጠበቃቸው። ፕሮግራሙ ጉድለት አላጣውም፤ የሥራ ጫናው፣ የክፍያው ማነስ ዛሬም ያነጋግራል። ግን ድሃ አገር በሺህ የሚቆጠር ሰው በእጅ ሥራ ማሰልጠን እንደምትችል፣ የሰለጠነችውም ሴት የምትገባበት ቤት ሁሉ እንደሚያውቃት አሳይቷል። ለእናት ጤና ይህ ከተቻለ ለተፈናቃይ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ አንድ ኮርስ ግዴታ ከሆነ የሥራ ሰዓት ይመደብለት። ግዴታ ካልሆነ ደግሞ ካልወሰድክ ተብሎ ሰው አይቀጣ። በእሑድ የተወሰደ የግዴታ ኮርስ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው፤ እንደ ትርፍ ሰዓት ይከፈል።

ሁለተኛ፣ ዳታውንና መሣሪያውን ድርጅቱ ያቅርብ። ኔትወርክ ለሌለበት ወረዳ ኮርሱ በፍላሽ ወይም በታተመ ወረቀት ይሂድ። ኔትወርክ ያልነበረበት ቦታ የሠራ ሰው በሰርተፊኬት ማጣት ከውድድር እንዳይወጣ የመስክ ልምዱ በጽሑፍ ይመስከርለት፤ ምስክርነቱም እንደ ሰርተፊኬቱ ይቆጠር።

ሦስተኛ፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ መነጋገርን የሚጠይቁት ስልጠናዎች፣ በተለይ የጥቃት ሰለባዎችንና ሕፃናትን የሚመለከቱት፣ በሥራው ቋንቋ ይሰጡ። ትርጉም ብቻ አይበቃም። ቃላቱን የሚመርጡት ሥራውን የሚሠሩ ሰዎች ይሁኑ። አንድ ጊዜ በደንብ ከተሠራ ለሁሉም ድርጅት ያገለግላል።

አራተኛ፣ ማንኛውም ኮርስ በመስክ ይቋጭ። የውሃ ኮርስ የወሰደ ክሎሪን ለክቶ ያሳይ፤ የስርጭት ኮርስ የወሰደ አንድ ሙሉ የስርጭት ቀን ከነባር ሠራተኛ ጋር ይዋል። ሰርተፊኬቱ የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ነባሯም ለማስተማሯ ይከፈላት።

አምስተኛ፣ ዘርፉ የራሱን የሙያ ደረጃ ያውጣ። ለምግብ ዝግጅትና ለኤሌክትሪክ ሥራ የሙያ ብቃት ምዘና ያላት አገር፣ ሰው ነፍስ ላይ ለሚወስን የመጠለያ ሠራተኛ ከፒዲኤፍ የተሻለ መመዘኛ ማዘጋጀት አያቅታትም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ምክር ቤትና ባለሥልጣኑ ከሙያ ምዘና ተቋማት ጋር ተቀምጠው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

ስድስተኛ፣ ለጋሾች "ስንት ሰው ሰለጠነ?" ማለታቸውን ያቁሙ። "ከስልጠናው በኋላ መጠለያው ውስጥ ምን ተለወጠ? ለስልጠናው የከፈለው ማነው?" ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛውን ጥያቄ የማይመልስ ሪፖርት ይመለስ።

እስከዚያ ድረስ ደብረ ብርሃን ያለችው ሠራተኛ እናቲቱን አነጋግራ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ምን ማለት እንደነበረባት እያሰበች ስልኳን ስትከፍት ከሰው ኃይል ክፍል አዲስ ኢሜይል ይጠብቃታል፦ ሁለት ኮርስ ቀርቶሻል፣ እስከ ዓርብ አጠናቅቂ። የምትሞላው ፓኬጅ ከራሷ ኪስ ነው። ለእናቲቱ ግን ነገም የምትሰጠው መልስ የላትም፤ ያንን የሚያስተምራት ሰው አልተመደበላትም።